የድሮ የባንኮኒ ወንበርና ዱካ ለቤት ስንመርጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክፍት ኩሽና ያለው አፓርታማ በበዛ ቁጥር ባንኮኒም ቤታችን ገብቷል። ባንኮኒ ካለ ደግሞ ረጅም ወንበር ያስፈልጋል። ብዙ ሰው አዲስ የላሜራ ወይም የፕላስቲክ ወንበር ገዝቶ ይገላገላል። እኔ ግን የድሮውን ፈልጉ ባይ ነኝ። በደንብ የተሠራ የድሮ ወንበር ሲላላ ይፈታና እንደገና ይገጠማል፣ ሲቀደድ ሌላ ልብስ ይለብሳል፣ ሲዝግ ይጸዳል። ርካሹ አዲስ ወንበር አንዴ ከተሰበረ ግን የሚጠብቀው ቁራሌው ነው። ሰዎች በዚህ ጉዳይ ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከነመልሱ እነሆ።

ገበያ ከመውጣቴ በፊት ምን ልወቅ?

የባንኮኒያችሁን ቁመት። ከመልኩም ከዋጋውም ይሄ ይቀድማል። ከወለሉ እስከ ባንኮኒው የላይኛው ፊት ድረስ ለኩ። ከዚያ ላይ ከ25 እስከ 30 ሴ.ሜ. ቀንሱ። የሚቀረው ቁጥር የምትፈልጉት መቀመጫ ከፍታ ነው።

የተለመደው የኩሽና ባንኮኒ 90 ሴ.ሜ. ገደማ ነው። መቀመጫው ከ60 እስከ 65 ሴ.ሜ. ከፍ ያለ ወንበር ይስማማዋል። የመጠጥ ቤት ባንኮኒ ግን ከ105 እስከ 110 ሴ.ሜ. ይደርሳል። ለእሱ የተሠራው ወንበር መቀመጫም 75 እና 80 ሴ.ሜ. ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ከድሮ ባር የወጣ ቆንጆ ወንበር ያያል፣ ይወደዋል፣ ይገዛዋል። ቤት ያለው ባንኮኒ ግን የኩሽና ነው። ሲቀመጥ ጭኑ ከባንኮኒው ሥር አይገባም።

መቀመጫው ስፖንጅ ያለው ከሆነ ሰው ተቀምጦበት ለኩ። ክብደት ሲያርፍበት ዝቅ ይላል። የእግር ማሳረፊያውንም አትርሱ። ከመቀመጫው 45 ሴ.ሜ. ያህል ዝቅ ብሎ ቢገኝ ጥሩ ነው። እግር ተንጠልጥሎ ሲቆይ ጭን ይደነዝዛል፤ እንግዳውም ቡናውን ሳይጨርስ ወደ ሶፋው ይሄዳል።

ለባንኮኒዬ ስንት ወንበር ይበቃል?

ለአንድ ሰው 60 ሴ.ሜ. ያዙ። ወንበሩ የሚሽከረከር ወይም የክንድ መደገፊያ ያለው ከሆነ 70 እና 75 ያስፈልገዋል። ስለዚህ 180 ሴ.ሜ. ባንኮኒ ለ3 ሰው ነው። አራተኛውን ለመጨመር አትታገሉ። የባንኮኒው ጠርዝም ጉልበት እንዲገባበት ከሥሩ 25 ሴ.ሜ. ያህል ወጣ ያለ መሆን አለበት። ጠርዙ ከግንቡ ጋር እኩል ከሆነ የቱም ዓይነት ወንበር አይመቸውም።

ወንበሩ ትንሽ ቢረዝም እግሩን ማስቆረጥ ይቻላል?

የእንጨት ከሆነ ትንሽ ይቻላል። 3 ወይም 4 ሴ.ሜ. ብዙም አያስታውቅም። ከዚያ ካለፈ የእግር ማሳረፊያው ወደ ወለሉ ይጠጋና የወንበሩ ቅርጽ ይበላሻል። እግሮቹ ወደ ውጭ ዘርፈጥ ያሉ ከሆኑ ደግሞ አቆራረጡ ዘንበል ያለ መሆን አለበት፤ ቀጥ ተደርጎ ከተቆረጠ እግሩ ወለሉን የሚነካው በጠርዙ ብቻ ነው። ይህን የሚያውቅ አናጺ ፈልጉ። እውነቱን ለመናገር፣ ዋጋ ያለው የድሮ ወንበር ከማስቆረጥ ሌላ መፈለግ ይሻላል። ያጠረን ማስረዘም ከዚህም የባሰ ነው።

በመሀሉ ትልቅ ጥርስ ያለው ብሎን ኖሮት እየዞረ ከፍና ዝቅ የሚል ዓይነትም አለ። ድሮ በየፋብሪካውና በየወርክሾፑ የሚቀመጡበት ነበር። ብሎኑ ካልተበላና ካልጎበጠ ከቁመት ጣጣ የሚያድናችሁ እሱ ነው። እስከ ላይ አውጥታችሁ፣ ተቀምጣችሁበት፣ ግራና ቀኝ ተወዛወዙበት። ከተነቃነቀ ጥርሱ ተበልቷል ማለት ነው።

«የድሮ» ሲባል የትኞቹን ወንበሮች ማለታችን ነው?

ንግዱ ውስጥ ያሉ ሰዎች 100 ዓመት የሞላውን አንቲክ ይሉታል። ከዚያ በታች ሆኖ ዘመኑን የሚያሳየው ቪንቴጅ ነው። ዕድሜው ብቻ ግን ዋጋ አይሰጠውም። የድሮ መናኛ ወንበርም ሞልቷል። ማወቅ የሚጠቅመው የትኞቹ እስከ ዛሬ የቆዩት ለምን እንደቆዩ ነው።

አንደኛው ጎባጣው የእንጨት ወንበር ነው። ሚካኤል ቶኔት የተባለ ባለሙያ እንጨትን በእንፋሎት አለስልሶ ማጉበጥን ትልቅ ሥራ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ1859 ያወጣው ቁጥር 14 ወንበር 6 እንጨት፣ 10 ብሎንና 2 ዳዶ ብቻ ነበረው። ተፈታቶ ሲታሸግ 36 ወንበር በአንድ ሜትር ኩብ ሳጥን ይገባ ነበር። የአውሮፓን ካፌዎች የሞላው በዚህ ምክንያት ነው። ለእኛ የሚጠቅመን ነገር ደግሞ ብሎኑ ነው። ሲላላ ታጠብቁታላችሁ፣ አለቀ። በዚሁ አሠራር የተሠሩ ረጃጅም የባር ወንበሮችም አሉ። እንደኔ ምርጫ ለቤት ባንኮኒ ከእነሱ የሚሻል የለም። ቀላል ናቸው፣ ቦታ አይሻሙም፣ ዓይንም አይከለክሉም።

ሁለተኛው የላሜራው ነው። ፈረንሳዊው ዣቪዬ ፖሻር እ.ኤ.አ. በ1934 ቶሊክስ በሚል ስም ያወጣው ወንበር ዚንክ የተቀባ ብረት ስለሆነ ደጅም ቢያድር ቶሎ አይዝግም። አንዱ በሌላው ላይ ይደረደራል። ዛሬ በየካፌው የምናየው አብዛኛው የላሜራ ወንበርና ዱካ የእሱ ቅጂ ነው።

ሦስተኛው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የአሉሚኒየም ወንበር ነው። ኤሜኮ የሚባል ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1944 ጀምሮ ሠርቶታል። ማግኔት አይዘውም፣ አይዝግም፣ ሲያነሱት ይቀላል።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካ ምግብ ቤቶች የነበረው ክሮም እግርና ቀይ መቀመጫ ያለው ክብ ወንበር አለ። አሜሪካ ያላችሁ ይሄን በብዛት ታገኙታላችሁ። ግን ከመግዛታችሁ በፊት ገልብጡት። ብዙዎቹ ወለል ላይ በብሎን ታስረው የሚኖሩ ነበሩ። ከሥራቸው ሰፊ ሰሃን ከሌላቸው ብቻቸውን አይቆሙም።

እውነተኛውን ከቅጂው እንዴት እለያለሁ?

ገልብጣችሁ እዩት። በጎባጣው ወንበር ላይ የፋብሪካው ማህተም ወይም የወረቀት ምልክት ከመቀመጫው ክብ እንጨት ውስጠኛ ጎን ይገኛል። ስሙ ሌላ ሆኖ ቢገኝ ግን «ተሸወድኩ» አትበሉ። የቶኔት የባለቤትነት መብት እ.ኤ.አ. በ1869 ካበቃ በኋላ ሌሎች ፋብሪካዎችም በዚያው ዘዴ በጥራት ሠርተዋል። የእነሱም 100 ዓመት አልፎት የሚቀመጡበት አለ።

በብረት ወንበር ላይ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። «ነሐስ ነው» የተባለውን እግር ማሳረፊያ ማግኔት ከያዘው ብረት ላይ የተቀባ ነው። የእርጅና ምልክትም ሰው በሚነካበት ቦታ መሆን አለበት። እግር የሚያርፍበት አግዳሚ መሀሉ ተበልቶ ጫፎቹ ካልተበሉ ይሄ ተቀምጠውበት ያረጀ ወንበር ነው። ዙሪያውን ሁሉ እኩል የተፋፋቀ ከሆነ ሆን ተብሎ በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ ነው።

ወንበሩን ስመረምር ዋናው ነገር ምንድን ነው?

መገጣጠሚያው። ጭረት፣ የደበዘዘ ቀለም፣ የተቀደደ ልብስ ሁሉም ይስተካከላል። መገጣጠሚያው ከሞተ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ደልዳላ ወለል ላይ አቁሙት። በሁለት እጃችሁ መቀመጫውን ይዛችሁ ወደፊትና ወደኋላ፣ ከዚያ ወደ ጎን ግፉት። ቀጥሎ አንድ እጃችሁን መደገፊያው ላይ፣ አንዱን መቀመጫው ላይ አድርጋችሁ ጠምዝዙት። ጀርባ ያለው ወንበር ቶሎ የሚላላው እዚያ ጋ ነው። ሻጩ ቢቆጣም ተቀመጡበት። ረጅም ወንበር ከተራው ወንበር ይልቅ መገጣጠሚያውን ያስጨንቃል፤ እግሩ በረዘመ ቁጥር የሚጠመዝዘው ኃይል ይበዛል።

መላላቱ ብቻውን አያስፈራም። የድሮ አናጺዎች የሚጠቀሙት ኮላ ከከብት ቆዳና አጥንት የሚቀቀል ነበር። ይህ ኮላ በሙቅ ውሃ ይለቃል። ስለዚህ ወንበሩ ሳይሰበር ይፈታል፣ አሮጌው ኮላ ተፍቆ ይጸዳል፣ አዲስ ኮላ ይቀባል፣ በሞርሳ ወይም በገመድ ተጠፍሮ ያድራል። አሮጌውን ሳያጸዱ አዲስ ኮላ ማፍሰስ ዋጋ የለውም። ነጩ ኮላ እንጨት ውስጥ መግባት አለበት፤ አሮጌ ኮላ ላይ አይይዝም።

እኔን የሚያስፈራኝ ምስማር ነው። የላላ መገጣጠሚያ ላይ ምስማር የመታ ሰው ለአንድ ወር ያጠበቀ መስሎት የውስጡን እንጨት ሰንጥቆታል። መገጣጠሚያው ላይ ከመጀመሪያው ያልነበሩ ምስማሮች ካያችሁ ዋጋውን አስቀንሱ ወይም ተዉት። በጎባጣው ወንበር ደግሞ እንጨቱ የታጠፈበትን ቦታ በጥፍራችሁ ዳስሱ። እዚያ ላይ በርዝመቱ የሄደ ስንጥቅ ካለ ከባድ ሰው ሲቀመጥበት ይለያያል።

የቱቦላሬ ብረት ከሆነ የብየዳውን ቦታና የእግሩን ጫፍ እዩ። የመወልወያ ውሃ በየቀኑ የሚገባው በእግሩ ጫፍ ነው፤ ከውስጥ ይበላዋል። በአውራ ጣታችሁ ስትጫኑት የሚገባ ከሆነ በልቶታል። ላይ ላዩን የዛገ ክሮም ግን ቀላል ነው። የተጨማደደ የአሉሚኒየም ፎይል ውሃ አስነክታችሁ ፈትጉት፣ ለውጡን ወዲያው ታያላችሁ። ተላልጦ የተነሳ ክሮም ግን በፎይል አይመለስም።

ብልና ትኋን እንዳላስገባ ምን ላድርግ?

የእንጨት ወንበሩን ነጭ ወረቀት ላይ አቁሙና መታ መታ አድርጉት። ከትንንሾቹ ቀዳዳዎች አዲስ ዱቄት ከወረደ ነፍሳቱ ገና በሕይወት አሉ። ዱቄት የሌለው ደረቅ ቀዳዳ ግን የቆየ ጉዳት ሊሆን ይችላል። ትኋን ደግሞ የሚደበቀው የመቀመጫው ልብስ ከእንጨቱ ጋር በተሰፋበት ጠርዝና በሥሩ በተወጠረው ጨርቅ ውስጥ ነው። በስልካችሁ መብራት ጥቋቁር ነጠብጣብ ፈልጉ። ከተጠራጠራችሁ ልብሱንና ስፖንጁን ደጅ አስፈትታችሁ እዚያው ጣሉት፣ ቤት የሚገባው አጽሙ ብቻ ይሁን።

የመቀመጫውን ስፖንጅና ልብስ ልቀይር ወይስ ልተወው?

ስፖንጁን ቀይሩ። የድሮ ስፖንጅ ይፈረፈራል፣ ቢጫ ዱቄት ይሆናል። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ሌላም ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ1975 በካሊፎርኒያ የወጣ ደንብ አምራቾች እሳት እንዳይዘው እያሉ ስፖንጁ ውስጥ ኬሚካል እንዲጨምሩ ገፍቷቸው ነበር። ደንቡ የተቀየረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። በመሀል የተሠራ ስፖንጅ ሲፈረፈር አቧራው ውስጥ ኬሚካሉ ሊኖር ይችላል። ልጅ ያለበት ቤት አያስፈልግም።

ልብሱ የመጀመሪያው ከሆነና ካልተቀደደ አቆዩት። ከተቀደደ ደግሞ እውነተኛ ቆዳ አልብሱት። አገራችን ቆዳ አያጣም፤ ለአንድ ክብ መቀመጫ የሚሆነውም ትንሽ ቁራጭ ነው። መቀመጫው በቀርከሃ መሰል ገመድ የተሸመነ ከሆነ ዳሩን እዩ። በትንንሽ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ የተሰፋ ከሆነ የእጅ ሥራ ነው፤ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል። ዙሪያውን በተቦረቦረ መስመር ውስጥ የተወተፈ ከሆነ ተሸምኖ በሜትር የሚሸጥ ነው፤ ጎበዝ አናጺም ይቀይረዋል።

አሮጌውን ቀለም ፍቄ ላድሰው?

አትቸኩሉ። መጀመሪያ በለስላሳ ጨርቅና ትንሽ ሳሙና ብቻ አጽዱት፣ አድርቁት። ብዙ ጊዜ ጥቁረቱ ቫርኒሹ ሳይሆን የዓመታት የእጅ ቅባትና ጭስ ነው። የተቀባ ወንበር ከሆነ ግን ጥንቃቄ አለው። የድሮ ቀለም ውስጥ ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል። አሜሪካ ለቤት በሚሆን ቀለም ውስጥ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የተቀባን ነገር ደረቁን በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ አቧራውን ቤት ውስጥ መበተን ነው። እርጉዝና ሕፃን ካለ በፍጹም።

አዲስ አበባ ውስጥ የት ይገኛል?

መርካቶ ምናለሽ ተራ የመጀመሪያው ቦታ ነው። ጠዋት ሂዱ። ተረጋግታችሁ ገልብጡ፣ ጠይቁ፣ ሌላም እዩ፣ ከዚያ ተመለሱ። ኤምባሲዎችና ትልልቅ ድርጅቶች ዕቃ ሲያድሱ አሮጌውን በጨረታ ይሸጣሉ፤ ማስታወቂያውን ጋዜጣ ላይ ተከታተሉ። አገር የሚለቁ የውጭ ሰዎችም ቤታቸው ያለውን ይሸጣሉ።

የሚዘጋ ወይም የሚታደስ ቡና ቤት ስታዩም ገብታችሁ ባለቤቱን አነጋግሩ። የከተማው አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ ከነባንኮኒያቸው የወደሙ ቡና ቤቶች አሉ፤ ያሳዝነኛል። «ጋሼ፣ ወንበሩን ምን ሊያደርጉት ነው?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስወጣም፤ አንድ ጥሩ ወንበር ግን ከማገዶ ያድናል። በየሰፈሩ የሚዞረውን ቁራሌውንም ስልኩን ያዙ። የምትፈልጉትን ካወቀ ሲያገኝ ይደውላል።

አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ ኢስቴት ሴል የሚባለውን እመክራለሁ። ባለቤቱ ሲያርፍ ወይም ቤቱን ሲለቅ ያለውን ሁሉ እዚያው ቤት ውስጥ ይሸጣሉ። ዕቃው ከአንድ ቤት ስለሚወጣ አራቱም ወንበሮች አብረው የመገኘት ዕድላቸው ሰፊ ነው። በመጨረሻው ቀን ዋጋ መቀነስም የተለመደ ነው።

አራቱም አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው?

አይደለም። ቁመታቸው አንድ ይሁን እንጂ መልካቸው ቢለያይ ችግር የለም። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ካለ ግን ጨዋታው አይጥምም።

አባትና እናቴ አብረውኝ ይኖራሉ። ረጅም ወንበር ይሆናቸዋል?

አይሆናቸውም፤ አታስገድዷቸው። 75 ሴ.ሜ. ወንበር ላይ መውጣትና መውረድ ጉልበት ለሚያመው ሰው አደጋ ነው። ዝቅተኛ ዱካም እንደዚያው ከባድ ነው፤ ለመነሳት ሰው መያዝ ያስፈልጋል። ለእነሱ 45 ሴ.ሜ. ያህል ከፍታ ያለው፣ ጀርባና የክንድ መደገፊያ ያለው የድሮ የእንጨት ወንበር ፈልጉ። ክንዳቸውን ተደግፈው ራሳቸውን ችለው መነሳት ይችላሉ፤ ይሄ ለእማማና ለአባባ ትልቅ ነገር ነው። ትንንሽ ልጆች ካሉም ሰፊ እግርና ጀርባ ያለውን ምረጡ፣ የሚሽከረከረውን ተዉት።

የጅማ ዱካ ከዘመናዊ ቤት ጋር ይሄዳል?

በሚገባ ይሄዳል! የቤታችን የድሮ መቀመጫ ሲባል እኔ መጀመሪያ የማስበው እሱን ነው። የጅማው ዱካ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ ከዋንዛ። ምስማር የለው፣ ኮላ የለው፣ የሚላላ መገጣጠሚያ የለው። ሦስት እግር ስላለው ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም አይንገዳገድም። ጅማ ከሄዳችሁ ሙዚየሙን እዩ። ከንጉሥ አባ ጅፋር ዕቃዎች ጋር የእንጨት ጥበቡ ምን ደርሶ እንደነበር ታያላችሁ።

ሲገዙ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ከአንድ ግንድ የወጣ ነገር ሲደርቅ መሰንጠቁ አይቀርም። ስንጥቁ ውስጡ ጠቁሮ ከሆነ የቆየና የረጋ ነው። ውስጡ ነጣ ያለ ከሆነ አዲስ ነው፣ ይቀጥላል። ሌላው፣ አዲሱን አጥቁሮ እንደ አሮጌ የሚሸጥ አለ። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ከሥሩ አሹበት። ቀለም ከለቀቀ ጫማ ቀለም ወይም የመሰለ ነገር ተቀብቷል። ከልብ ያረጀ ዱካ የእግሮቹ ጫፍ ድቡልቡል ብሎ ይበላል፣ መቀመጫውም በመቀመጥ ብዛት ይለሰልሳል።

ሰዎች ዱካውን መደርደሪያ ላይ ሰቅለው ሲያዩት እበሳጫለሁ። ረከቦቱ አጠገብ አድርጉት፣ ቡና የምታፈላው ትቀመጥበት። ለሶፋው የጎን ጠረጴዛም ይሆናል።

ውጭ አገር ልወስደው እችላለሁ?

አዲስ ተሠርቶ ለሽያጭ የቀረበ ዱካ ብዙም አያስቸግርም። አሮጌው ግን ቅርስ ሊባል ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ስለዚህ ሻንጣ ከመዝጋታችሁ በፊት ዕቃውን ለቅርስ ባለሥልጣን አሳይታችሁ ወረቀቱን ያዙ። ኤርፖርት ላይ ከሚወሰድባችሁ ይሄ ይቀላል። እዚያ ስትደርሱም ከማሞቂያው አጠገብ አታስቀምጡት። የክረምት ማሞቂያ የቤቱን አየር ያደርቀዋል፣ ዋንዛውም ይሰነጠቃል።